አንድ ጀሪካን ለስንት ሰው?

ሐምሌ 1986 ዓ.ም. ከሩዋንዳ የሸሸ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንበር ተሻግሮ፣ ያኔ ዛየር ትባል በነበረችው በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በጎማ ከተማ ዙሪያ ሰፈረ። ቁጥሩ ከ500 ሺህ እስከ 800 ሺህ ይገመታል። መሬቱ የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆነ ለመጸዳጃ ቀርቶ ለመቃብር እንኳ አይቆፈርም። ሰዉ የሚጠጣው ከኪቩ ሐይቅ እየቀዳ ነበር። ኮሌራ ገባ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ተከተለው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50 ሺህ ሰው ሞተ። ከጥይት ያመለጠውን ተቅማጥ ጨረሰው።

ከዚያ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች «ስፊር» የተባለውን የዝቅተኛ መለኪያ ሥራ ጀመሩ። ከመለኪያዎቹ የታወቀው 15 ሊትር ነው፦ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን ሩቧ ሲጎድል ማለት ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በቀን ወደ አራት ጀሪካን ይፈልጋል። ይህን የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ልጅቷ ናት፤ ለዚህም ነው የውሃ ቦታው ከ500 ሜትር እንዳይርቅ፣ ወረፋውም ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ የተባለው።

ብዙ ሰው «ትንሽም ብትሆን ንጹሕ ትሁን» ይላል። በመጠለያ ጣቢያ ግን መጠኑ ይቀድማል። ውሃ ያነሰው ቤተሰብ ያለችውን ይጠጣታል፤ እጅ መታጠቡ፣ ሕፃኑን ማጠቡ፣ ዕቃ ማለቅለቁ ይቀራል። ተቅማጡም እከኩም የዓይን ሕመሙም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

10 ሺህ ተፈናቃይ በቀን 150 ሺህ ሊትር ያስፈልገዋል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ሲሰላ 15 ምልልስ ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ጭቃም ኬላም እያለ። ቦቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነፍስ ያድናል፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ወጪው አይቻልም። እኔ ብጠየቅ፣ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የቆመው ፓምፕ ይታይ እላለሁ። መብራት ተቋርጦ፣ ናፍጣ አልቆ ወይም አንድ መለዋወጫ ጎድሎ የቆመ የከተማ ውሃ ቢጠገን ለተፈናቃዩም ለነዋሪውም ይደርሳል። ቦኖ ላይ በሁለቱ መካከል የሚነሳውንም ጠብ ያበርዳል።

ክሎሪኑ ከዚያ ይመጣል። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው መጀመሪያ መጥለል አለበት፤ ከተጨመረበት በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ቦኖው ላይ ለክቶ መሄድ አይበቃም። ውሃው ቆሻሻ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲውል የክሎሪኑ ኃይል ይጠፋል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ድንኳን ገብቶ፣ ልጆቹ ከሚጠጡት ቀድቶ ይለካል። መመርመሪያው ክኒን ሲገባበት ናሙናው ሮዝ ካልሆነ ክሎሪኑ አልቋል።

መጸዳጃው ለ20 ሰው አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ጥድፊያ ለ50 ሰው አንድ ይፈቀዳል። ጉድጓዱ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። ቁጥሩ ሞልቶም ባዶውን ሊቀር ይችላል፤ መብራት የሌለው፣ ከውስጥ የማይቆለፍ፣ ከወንዶች ያልተለየ ሽንት ቤት ሴት ልጅ በሌሊት አትሄድበትም።

ይህ ሁሉ እየተሠራም በሽታው ሊገባ ይችላል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞች ባረፉበት የኩመር መጠለያ፣ በዚያው ክረምት ኮሌራ ተነሥቷል። እኛ አገር ለብዙ ጊዜ «አተት» በሚለው ስም ስንሸፍነው የኖርነው በሽታ ነው። የጠናበት ሰው ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጊዜ ከታከሙት ግን ከ100 አንድ እንኳ አይሞትም። ሕክምናው የወጣውን ፈሳሽ መመለስ ነው። ለአብዛኛው ሰው ኦ አር ኤስ ይበቃዋል፤ እሱ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ለደከመውና መጠጣት ላቃተው ግን ሰዉ «ግሉኮስ» የሚለው ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

በሽተኛው ሲረጋጋ ነርሷ አጠገቡ ወደተቀመጡት እናት ዞር ብላ «እማማ፣ ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?» ትላለች። መልሱ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ለውሃ ባለሙያው ይደርሳል፤ እሱም የክሎሪን መመርመሪያውን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል።