ከፍታ የሚወስደውና የማይወስደው፦ ያገለገለ ብርቱ ሞተር ሳይክል በአርሲ ደጋ

ከአዳማ ተነሥቶ ዴራንና ኢተያን አልፎ፣ በኩሉምሳ የስንዴ ማሳዎች መካከል ወደ አሰላ የሚወጣው 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሞተርን እውነተኛ ጠባይ ገልጦ የሚያሳይ መርማሪ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ጥቂት ከሚያልፍ ከፍታ ላይ እየፎከረ የተነሣ ሞተር ሳይክል፣ የጭላሎ ተራራ እየጎላ አየሩም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይጎድልና፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ከተቆረቆረችው ከአሰላ ሲደርስ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ያንኑ ያህል እየጠመዘዘ የሚያገኘው መልስ ግን እንደ ማለዳው ሳይሆን ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሻጩ እንዳታለለው ወይም ሞተሩ እንደ ታመመ ያስባል፤ ነገሩ ግን የፍጥረት ሕግ እንጂ የሻጭ ተንኮል አይደለም፤ እኛም ያገለገለ ብርቱ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ለሚያስብ የደጋ ሰው ልንመክር የወደድነው ሁሉ ከዚሁ ሕግ የሚመነጭ ነው።

ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተዋሕዶ፣ በካንዴላው ብልጭታ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ሲገፋ ነው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ይሳሳል፤ የአየሩ መሳሳትም የሚቃጠለውን ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ በፋብሪካው መጽሐፍ 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተጻፈለት ሞተር አሰላ ላይ የሚሰጠው ከ75 እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ነገር ግን ከፍታ ከጉልበቱ ሩቡን ሲወስድ ከክብደቱ አንዲት ግራም አይወስድም፤ ቁልቁለቱን አያሳጥርም፤ በዝናብ የራሰውን አስፋልት አያደርቅም፤ ሣር ፍለጋ መንገድ የሚያቋርጡትን ላሞችም አያስቆምም። እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ ደጋው የሚቀንስብህን ነገር በውድ ዋጋ ገዝተህ፣ ደጋው የማይቀንስልህን ነገር ሳትመረምር እንዳትቀር ልብህን አንቃ።

የሞተር ሳይክልን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 በእንጨት አካል ላይ ሞተር ገጥመው ካስኬዱ ወዲህ፣ ታላቅ ፍጥነት ለረጅም ዘመን የእሽቅድምድም ሰዎች ድርሻ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ፣ አራት ሲሊንደርና 67 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሲ ቢ 750 የተባለ ሞተር ሳይክል ለተራው ገዢ ባቀረበ ጊዜ ግን፣ የተሽቀዳዳሚው ኃይል ወደ ሕዝቡ ወረደ። ሊታሰብ የሚገባው ቁም ነገር፣ ፋብሪካው ይህን ኃይል ሲሰጥ በፊተኛው ቸርኬ ላይ የዲስክ ፍሬን ጨምሮ መስጠቱ ነው፤ ኃይልን ከማቆሚያው ለይቶ መስጠት እንደማይገባ ጥበበኞቹ ዐውቀዋልና። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በሞተር ሳይክል ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ የጋለበው፣ ባለ አንድ ሲሊንደሩን ያማሃ ኤክስ ቲ 500 ነበር፤ ይህም በአሸዋና በኮረት መንገድ ላይ ድል የሚገኘው በፈረስ ጉልበት ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረ ምስክር ነው።

በአሰላ ጎዳናዎች ላይ እጅግ የሚበዙት እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት ቀላል ሞተሮች ሲሆኑ፣ ብርቱዎቹ ግን በቁጥር ጥቂት፣ በዋጋም ከባድ ናቸው፤ አንዳንዱ በመሥሪያ ቤት ጨረታ፣ አንዳንዱም በደላላ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የመጣበት መንገድ የትኛውም ቢሆን፣ የቀድሞው ጌታው እንዴት እንደ ያዘው የሚናገር መዝገብ ከራሱ አካል ሌላ ብዙ ጊዜ አይገኝለትም። የአርሲ ፈረሰኛ ፈረስ ሲገዛ የሻጩን ምስጋና ከመስማት ይልቅ አፉን ከፍቶ ጥርሱን እንደሚቆጥር፣ የሞተር ገዢም ከቀለሙና ከድምፁ አልፎ ዕድሜንና በደልን የሚመሰክሩትን ክፍሎች ማየት ይገባዋል።

አስቀድሞ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሄድ መልካም ነው። እጅን በሞተሩ አካል ላይ ሲያሳርፉት የሞቀ ከሆነ፣ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና የቀዝቃዛ አነሣሡን ምሥጢር ሊሸሽግ ፈልጎ ይሆናል፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ወይም በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ከተነሣ በኋላ በማርሚታው የሚወጣውን ጢስ መመልከት ነው፦ በአሰላ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ እንፋሎት የማለዳው እርጥበት ስለ ሆነ አያስፈራም፤ ሰማያዊ ጢስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ይኸውም ሞተሩ ለመውረድ መቃረቡን ያሳውቃል፤ ጥቁሩ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል። ይህ ሦስተኛው በደጋ አገር በሰፊው የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት ሳያውቅ የለመደውን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ በደረቅ ጥቀርሻ የጠቆረ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፈውሱ ለከፍታው የሚስማማ ጠባብ የነዳጅ ማሳለፊያ ማስገባት ነውና፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ደኅናውን ሞተር መናቅ አይገባም። የአየሩን ግፊት ራሱ ለክቶ ቤንዚኑን የሚመጥነው አዲሱ ዓይነት ሞተር ግን ከዚህ ድካም ነጻ ነው፤ ሆኖም የጎደለውን አየር እርሱም ቢሆን ሊፈጥረው አይችልም።

ከሞተሩ በኋላ ደጋው የማይቀንሳቸው ነገሮች ይመረመራሉ፤ እኛም ገዢው ከጊዜው የበለጠውን ክፍል በዚህ እንዲያሳልፍ እንለምነዋለን። በጎማው ጎን ከተጻፈው ረጅም ምልክት መጨረሻ ላይ አራት አሐዞች ይገኛሉ፤ 2318 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ የሚመስል አሮጌ ጎማ ላስቲኩ ደርቆ ስለሚጠነክር፣ በክረምት አስፋልት ላይ ይክዳል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ ማዞር፣ መካከል ላይ ሲደርስ የመያዝ ስሜት ካለው ኩሽኔታው መበላቱን ያስታውቃል። ካቴናውን ከኋላው ጥርሳም ክብ ላይ በጣት ስቦ ማየት፣ ከጥርሱ ርቆ የሚነሣ ከሆነ ሁለቱም አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ይናገራል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ዘንግ ጫፍ መፋቅ፣ የእግር ማሳረፊያው መጣመም፣ ከሻሲው መጋጠሚያ ላይ አዲስ ቀለም መታየት የወደቀ አካል ምስክሮች ናቸው፤ የወደቀ ሞተር ሳይክል ሊጠገን ይችላል፤ ሻሲው የተጣመመውን ግን በርካሽ መግዛት ሐዘንን በርካሽ መግዛት ነው።

የፍሬን ዘይት ነገር በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ይህ ዘይት በባሕርዩ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅ፣ ለዓመታት ያልተለወጠ ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፤ ፈሳሹም እንፋሎት ሲቀላቀልበት የሚጨበጠው ዘንግ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው፣ ከአሰላ ወደ አዳማ ሳይወርድ በፊት የፍሬኑን ዘይት በአዲስ ያስለውጥ፤ ሲወርድም ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያድርግ እንጂ ፍሬኑን ሳያቋርጥ አይጨብጥ።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ይጓዛል፤ ዓይኑ አይቶ እጁ እስኪታዘዝ ድረስ ብቻ ይህን ያህል መሬት ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ሒሳብ ለባለጠጋና ለድኻ፣ ለአዋቂና ለጀማሪ አያዳላም። በአርሲ መንገድ ላይ ደግሞ ጋሪ፣ የተጫነ አህያ፣ ከገበያ የሚመለስ ፈረሰኛ፣ በማለዳ ልምምድ የሚሮጥ ወጣት፣ ከጭላሎ የሚወርድ ጭጋግ አብረው ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው፤ ብርቱ ሞተር የያዘም ሰው ለእነርሱ የሚከፍለው ዕዳ ትዕግሥት ነው።

ስለ ወረቀቱም ጉዳይ ቸል ማለት አይገባም። በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1186 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በርክክብ ባለቤትነቱ ለገዢው እንደሚተላለፍ ሲደነግግ፣ ባለሞተር ተሽከርካሪን ለመሰሉት ግን ልዩ ሕጋቸው የተጠበቀ መሆኑን ጨምሮ ያሳስባል። እንግዲህ ቁልፉን መቀበል ብቻ ጌታ አያደርግም፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ መነጻጸር፣ ቀረጡ የተከፈለበት መሆኑ በዲክላራሲዮኑ መረጋገጥ፣ ስመ ንብረቱም በፍጥነት መዛወር አለበት። በውክልና ብቻ ተይዞ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ ሞተር፣ የመጀመሪያው ባለቤት የሞተ ወይም የተሰወረ ዕለት ለገዢው የክርክር ምንጭ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው፤ ይህም ስለ ራሳችን ሳይሆን በእኛ ምክንያት ስለሚጎዳው ባልንጀራ የተሠራ ሕግ ስለ ሆነ፣ በደስታ ሊፈጸም ይገባል። ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለመሄድ የሚያስብም ሰው፣ በዚያ ከተማ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን አስቀድሞ ይወቅ።

ከገዙት በኋላ መያዝ ሌላ ጥበብ ነው። ብርቱ ሞተር ዘይቱን በጊዜው ይፈልጋል፤ ካቴናው በጭቃ ከተጓዘ በኋላ መታጠብና መቀባት ይሻል፤ መለዋወጫው ግን እንደ ቦክሰር ዕቃ በየሱቁ ስለማይገኝ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የዘይት ማጣሪያ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በነጭ ጋዝ የተበረዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለው ሞተር ሳይሞላ መቆየት በተበረዘው ከመሄድ ይሻላል። ስለ ራስ ቁር፣ ስለ ጓንትና ስለ ወፍራም ጫማ ደግሞ ከመግዣው ገንዘብ ተከፍሎ ይመደብ እንጂ በኋላ ከሚተርፈው አይጠበቅ፤ የሚተርፍ ገንዘብ የለምና።

ፍርዳችንን ጠቅልለን ስንናገር፣ የአርሲ ደጋ ሰው እጅግ ብርቱ የተባለውን ትቶ፣ ጉልበቱ መካከለኛ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻሲው ንጹሕ የሆነውን እንዲመርጥ እንመክራለን። ተራራው ለማንም ከማይሰጠው ከዚያ ሩብ ጉልበት ዋጋ የሚተርፈው ብር፣ አዲስ ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ የታመነ የራስ ቁርና ሕጋዊ ስመ ንብረት ይገዛል። በሞተር ኃይል መደሰት ኃጢአት አይደለም፤ ነፋስን እየሰነጠቁ በጭላሎ ግርጌ መጓዝ ለወጣት ልብ የተሰጠ እውነተኛ ተድላ ነው፤ ነገር ግን ይህን ተድላ ለብዙ ዓመት የሚቀምሰው፣ ከመግዛቱ በፊት ስለ ማቆም ያሰበ ሰው ነው።