ባዶ ወንበር እያለው «ሞልቷል» የሚለው ሰርቨር

አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ቆሞ፣ ውስጡ ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጦ፣ ረዳቱ በሩን ይዞ «ሞልቷል፣ ሌላ ጠብቁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኛ የለመድነው ተቃራኒውን ነው። ሞልቶም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው የሚባለው። የዊንዶውስ ሰርቨር ግን ልክ እንደዚያ ረዳት ነው። ሃያ ሰው ያለ ችግር የሚያስተናግድ ማሽን ገዝታችሁ፣ ሦስተኛው ሰው ከርቀት ልግባ ሲል «ቦታ የለም፤ ከገቡት አንዱን አስወጣና ግባ» ይለዋል።

ይሄ የአይቲ ሰዎች ጣጣ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሒሳቡን ቢሮ ጥግ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ በፒችትሪ የሚሠራ ስንት ድርጅት አለ? ከቤት ሆና ደመወዝ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ታክሲ ውስጥ በስልኩ የሪሞት ዴስክቶፕ አፕ ከፍቶ ደረሰኝ የሚያይ የሽያጭ ልጅ፣ ሁሉም በዚህ በር ነው የሚያልፉት። በሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ተሰብሮ ነው የተከፈተው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ሆም ከርቀት ሰው አያስገባም። ፕሮ ያስገባል፣ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ፤ ከርቀት ስትገቡ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ስክሪን ይቆለፋል። የሰርቨሩ ዊንዶውስ ሁለት ሰው ይፈቅዳል፣ እሱም ሰርቨሩን ለመጠገንና ለማስተዳደር እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ፈቃድ ትገዛላችሁ። ለሙከራ 120 ቀን ይሰጣችኋል። ቀኑ ሲያልቅ ፈቃድ ከሌለ በሩ ይዘጋል።

አንድ የማውቀው ልጅ በአንድ አነስተኛ ድርጅት አይቲ ነው። አለቃው ስድስቱም የሒሳብ ሠራተኞች ሰርቨሩ ላይ በአንዴ እንዲሠሩ ጠየቁት፤ አራቱ ቢሮ፣ ሁለቱ ከቤት። የፈቃዱን ነገር ሲነግራቸው «ሰርቨሩን ገዝቼዋለሁ አይደል እንዴ? የገዛሁት ዕቃ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ልክፈል?» አሉት።

እውነት ለመናገር ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ይችላል። ሶፍትዌሩም ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በክላውዱ ላይ ብዙ ሰው በአንዴ የሚገባበት ዊንዶውስ 11 ይሸጣል። ስለዚህ ገደቡ የአቅም ሳይሆን የዋጋ ነው ማለት ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ለዚህም ስም አለን፤ «ሆን ተብሎ የተጎዳ ዕቃ» እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢንቴል 486ኤስኤክስ የሚባል ፕሮሰሰር በርካሽ አወጣ። ይሄ ፕሮሰሰር ውዱ 486ዲኤክስ ራሱ ነበር፣ የሒሳብ ክፍሉ እንዳይሠራ ተደርጎ። አይቢኤም ደግሞ በደቂቃ 10 ገጽ የሚያትመውን ፕሪንተር፣ 5 ገጽ ብቻ እንዲያትም የሚያዘገይ ነገር ጨምሮበት በቅናሽ ሸጠ። ዴኔከር እና ማካፊ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ1996 ይህን ሲያጠኑ ያሳዩት ነገር ይገርማል፤ አንዳንድ ጊዜ በዚህ አሠራር ሁሉም ይጠቀማል። ምክንያቱም ኩባንያው ለሁሉም አንድ ዋጋ አውጣ ቢባል የሚያወጣው ውዱን ነው። አንድ ላፕቶፕ ያለው ተማሪና አምስት መቶ ሠራተኛ ያለው ባንክ እኩል ይክፈሉ ቢባል የሚጎዳው ተማሪው ነው።

እሺ፣ ይሄ በመጽሐፍ ነው። በእኛ ኪስ ሲመጣ ሌላ ታሪክ አለው። ፈቃዱ የሚተመነው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፈቃዱ ላይ አንድ ሳንቲም ሳይጨመር ለእኛ እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስለዚህ «ለምን ክራክ ይጠቀማሉ?» ብሎ ከላይ ሆኖ መስበክ አልፈልግም።

እንግዲህ ትርፍ መጫን የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚለውን ቁጥር የያዘውን የዊንዶውስ ፋይል የሚቀይር፣ ወይም መሐል ገብቶ የሚያታልል ትንሽ ፕሮግራም ከቴሌግራም ይወርዳል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስድስቱም ይገባሉ፣ አይቲው ይመሰገናል፣ አለቃውም ገንዘባቸው ተረፈ። ኮንትራቱን ይጥሳል፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምም የቅጂ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ የደኅንነት አፕዴት ያወጣል። አፕዴቱ ያንን ፋይል ሲነካው ማታለያው ይሰበራል። ጠዋት ስድስቱም መግባት አይችሉም፣ ስልክ ይደወላል፣ ይጮኻል። አይቲው ምን ያደርጋል? አፕዴቱን ያጠፋዋል። አንቲቫይረሱም ማታለያውን እንደ ቫይረስ ስለሚያየው «ይህን ፋይል አትንካ» ይባላል። በቃ፣ ለመቀመጫ ተብሎ ሁለት ጠባቂ ተባረረ።

ግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ በዚሁ በሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ተገኘ። ፓስወርድ ሳያስፈልገው፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከማሽን ወደ ማሽን ሊዛመት የሚችል ዓይነት። አደጋው ከባድ ስለነበር ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቆመለት ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ አወጣ። መጠገኛው በነፃ ነበር። አፕዴቱን ላጠፋ ሰው ግን አይደርሰውም።

እዚህ ላይ ነው የኢኮኖሚክሱ ቁም ነገር። ትርፉ የተቆጠረው ዛሬ ነው፣ በአለቃው ኪስ። ዕዳው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። አንድ ቀን ራንሰምዌር ገብቶ ፋይሉን ሁሉ ሲቆልፍ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ የሚጠፋው ከድርጅቱ ነው፤ ደመወዙ የሚዘገየው የጥበቃው ሠራተኛ ነው፤ የስልክ ቁጥሩና የግብር መለያው የሚወጣው የደንበኛው ነው። እነዚህ ሰዎች ማታለያው ሲጫን ማንም አላማከራቸውም።

እናንተ ወጣቶችም አላችሁበት። ለፍሪላንስ ሥራ ብላችሁ ቴሌግራም ላይ ርካሽ «አርዲፒ» የምትከራዩ፣ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። ኤክስዴዲክ የሚባል የድብቅ ገበያ ነበር። ካስፐርስኪ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያጋልጠው ከ70 ሺህ በላይ የተሰረቁ ሰርቨሮች መግቢያ ተደርድሮ ይሸጥበት ነበር። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በአውሮፓ ፖሊሶች ተዘጋ። የሱ ዓይነት ገበያ ግን አልጠፋም። ርካሹ አርዲፒያችሁ የአንድ ምስኪን የሒሳብ ቢሮ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። የእናንተን ፓስወርድም ሻጩ ቁጭ ብሎ ሊያይ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያ ልጅ ያደረገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን ውስጥ እንዳለ አየ። ታስክ ማናጀር ላይ ዩዘርስ የሚለውን ሲከፍት፣ ከሳምንት በፊት የገባ አንድ ጠጋኝ ሳይወጣ እስካሁን እዚያው ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄንን ነው፤ የሪሞት ዴስክቶፑን መስኮት በኤክስ መዝጋት መውጣት አይደለም። ግንኙነቱ ይቋረጣል እንጂ የከፈታችሁት ሁሉ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል። ሁሉም የሚዘጋው ሳይን አውት ሲባል ነው። ልጁ የተቋረጠ ሰው ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲወጣ በግሩፕ ፖሊሲ አዘዘ። ለሁሉም «ሳታስቀምጡ እንዳትሄዱ» ብሎም አስጠነቀቀ፣ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ።

ቀጥሎ ስድስቱም በእርግጥ ሪሞት ዴስክቶፕ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አራቱ ቢሮ ናቸው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ለብዙ ተጠቃሚ የሚሆን ስለነበር፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጭነውት በቢሮው ኔትወርክ አንድ ዳታ ላይ እንዲሠሩ አደረገ። ከቤት የሚሠሩት ሁለቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ የየራሳቸው ዊንዶውስ ፕሮ ኮምፒውተር አላቸው። አንድ ሰው ወደ ራሱ ኮምፒውተር መግባት በፕሮ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ በቪፒኤን አልፈው ወደየራሳቸው ይገባሉ። ለኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ ተገዛ፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፉ። ክራክ የለም፣ ተጨማሪ ፈቃድም የለም።

ይህ ለሁሉም አይሠራም። መግዛት ግድ ከሆነ ግን በሒሳብ ግዙ። በሦስት ፈረቃ 15 ሰው በ5 ኮምፒውተር የሚሠራበት ቦታ ፈቃዱ በመሣሪያ ቢገዛ 5 ይበቃል፤ በሰው ከሆነ 15 ነው። አንድ ሰው በስልክም፣ በላፕቶፕም፣ በቢሮ ኮምፒውተርም የሚገባ ከሆነ ደግሞ በሰው መግዛት ይረክሳል። ዊንዶውስ የግድ ካልሆነ ሊኑክስ ላይ ኤክስአርዲፒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ወንበር አይቆጥርባችሁም።

ምንም ብትመርጡ ግን ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት ከፍታችሁ አትተኙ። ቁጥሩን መቀየር የበሩን ቀለም እንደመቀየር ነው፤ ሌባው ያንኳኳል። ቪፒኤን ፊት ለፊት ይቁም፣ ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና 123 አይሁን፣ ከሰርቨሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ባክአፕም ይኑር።

ነገ ቢሮ ስትገቡ አይቲያችሁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ «ሰርቨራችን መጨረሻ አፕዴት የተደረገው መቼ ነው?» ዝም ካለ አትቆጡት። ወደ አለቃችሁ ሂዱና ያን ልጅ ምን በጀት እንደሰጡት ጠይቁ።