ከሦስቱ ፔንቴኖች አንዱ ለምን ቶሎ ይጠጥራል?

አምስት ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ይዘን ሦስት ዓይነት ፔንቴን መሥራት እንችላለን። ክብደታቸው እኩል ነው፤ የሚለያዩት በአተሞቹ አደራደር ብቻ ነው። ኖርማል ፔንቴን ካርቦኖቹ በአንድ ተርታ የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ነው። አይሶፔንቴን አንድ ቅርንጫፍ አለው። ኒዮፔንቴን ግን አንዱን ካርቦን መሐል አስቀምጦ አራቱን በዙሪያው እኩል አራርቋል፤ ክብ ለመባል ጥቂት ነው የቀረው። እንዲህ ያለውን ሞለኪውል አዙረነው ስናበቃ ጭራሽ እንዳልዞረ ሆኖ ከተገኘ ሲሜትሪ አለው እንላለን።

ኖርማል ፔንቴን በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ አይሶፔንቴን በ28፣ ኒዮፔንቴን በ9.5። ክቡ ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ተላቆ ይተናል። እስካሁን የሚገርም ነገር የለም። የሚገርመው የመቅለጫቸው ነገር ነው፦ ኖርማሉ ከዜሮ በታች 130፣ አይሶው ከዜሮ በታች 160፣ ኒዮፔንቴን ግን ከዜሮ በታች 17 ገደማ! ከሁሉ ቀድሞ የሚተነው ያው ሞለኪውል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠጥራል።

ሰንሰለቱ በጠጣሩ ውስጥ ቦታ ለመያዝ ተዘርግቶ፣ አቅጣጫውንም አስተካክሎ መግባት አለበት። ኒዮፔንቴን እንደ ኳስ በየትኛውም ጎኑ ቢመጣ ይገጥማል። ከጠጠረ በኋላ እንኳ ቦታውን ሳይለቅ ባለበት ይሽከረከራል፤ ቢቀልጥ የሚያገኘው ተጨማሪ ነፃነት ጥቂት ነውና ለመቅለጥ አይቸኩልም። ሲሜትሪ የመቅለጫ ነጥብን ከፍ እንደሚያደርግ ቶማስ ካርኔሊ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1882 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አስተውሎ ጽፏል።

ለመሆኑ ኒዮፔንቴንን ክብ ያስመሰሉት የካርቦን አራት እጆች (ከሌሎች አተሞች ጋር የሚያያዝባቸው) ወዴት እንደሚዘረጉ፣ አተም ማየት በማይቻልበት ዘመን እንዴት ታወቀ? በቆጠራ ነው። ከሜቴን አራት ሃይድሮጅኖች ሁለቱን በክሎሪን እንተካ። ሜቴን እንደ ካሬ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ክሎሪኖቹ አንዴ ጎን ለጎን፣ አንዴ ፊት ለፊት ሊቀመጡ ስለሚችሉ ሁለት የተለያዩ ፈሳሾች ይገኙ ነበር። የተገኘው ግን አንድ ብቻ ነው። አራቱ እጆች ወደ ቴትራሄድሮን (ባለ አራት ሦስት ማዕዘን ገጽ ቅርጽ) ማዕዘኖች ከተዘረጉ ግን የትኞቹም ሁለት ማዕዘኖች ጎረቤት ናቸው፤ ፊት ለፊት የሚባል የለም። ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ይህን ቅርጽ በ1874 ሲያቀርብ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ፈረንሳዊው ለ ቤልም በዚያው ዓመት ለብቻው ደርሶበታል። ስመ ጥሩው ኬሚስት ኸርማን ኮልበ፣ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ምን ያውቃል በሚል መንፈስ በቫንት ሆፍ ላይ አላገጠ። ቫንት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰደ።

የሲሜትሪን ጉልበት በደንብ ማየት የፈለገ ስምንት ካርቦን ወዳላቸው ይሂድ። ኖርማል ኦክቴን ከዜሮ በታች 57 ላይ ቀልጦ እስከ 126 ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በቀመር አቻው የሆነው ክቡ ሄክሳሜቲልኢቴን ግን የሚቀልጠው በ101 ገደማ ነው፤ ስድስት ዲግሪ ያህል ሳይጨምርም ይፈላል።