የትንሣኤውን ሌሊት በቤት ሆነው ለሚሰሙ



የሰሙነ ሕማማት ስግደት ተፈጽሞ ቀዳም ሥዑር ሲደርስ፣ ካህናትና ዲያቆናት ለምለም ቄጠማ ይዘው በየምእመናኑ ቤት መዞራቸው ነባር ሥርዓት ነው። በ2017 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ እኛም ይህንኑ አገልግሎት ስንፈጽም ከአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ገብተን ነበር። የቤቱ እናት ዕድሜያቸው ሰማንያ ዓመት ያለፈ፣ በእግር ሕመም ምክንያት ከአራተኛው ፎቅ መውረድ ካቆሙ ሦስተኛ ዓመታቸውን የያዙ ናቸው። ቄጠማውን ከራሳቸው ላይ ካሰርንላቸው በኋላ፣ «ልጄ ዲያቆን፣ ዘንድሮ ቅዳሴውን በዓይኔ ብቻ ልከታተለው ነው» አሉን።

ነገሩ ስላልገባን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ይኸ የልጅ ልጄ አዲስ ማጉያ ካስገባ ወዲህ የካህኑ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። ጆሮሽ ነው ይሉኛል። የእናንተን ቃጭል ግን ከታች ከደረጃው ሥር ጀምሮ ሰምቼዋለሁ» ሲሉ መለሱልን።

ወጣቱ አፈረ። ከደመወዙ አጠራቅሞ የገዛው ዋጋው አነስተኛ የሆነ ባለ 5.1 ሆም ቴአትር ነው፤ ይኸውም አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎችና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሳጥን ማለት ነው። ፕሌይስቴሽኑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኝቷል፤ የዲሹም ሪሲቨር እንዲሁ። ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ደግሞ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ወጥቶ ወደ ሳጥኑ ይገባል። «ጌም ላይ እኮ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዲያቆን» አለን። እውነቱን ነበር፤ ከፍቶ አሳየን፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ወደ ቴሌቪዥን ሥርጭቱ ሲመልሰው ግን የሰባኪው ድምፅ ሳሳ፤ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም። እናታችን በተቀመጡባት፣ ልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በምትገኘው ወንበር ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነበር።

ድምፅ ከየአቅጣጫው እንዲከብበን ማድረግ ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመቅደሱ የካህኑ ቃል ይወጣል፤ ሕዝቡ በተሰጥዎ ይመልሳል። በቅኔ ማኅሌቱ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታው አንዱን ወገን፣ ግራ ጌታው ሌላውን ይመራል፤ መሪጌታው ደግሞ ሁሉን ያያል። የቤቱም ማጉያ ከሞላ ጎደል እንዲሁ የተደለደለ ነው። ሁለቱ በቀኝና በግራ ከፊት ይቆማሉ፤ አንዱ በመካከል ሆኖ የሰውን ንግግር ይሸከማል፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ዙሪያውን ያሰማሉ። በማኅሌት ዝማሜ ሲዘመም የቀኙ መቋሚያ ሲነሣ የግራው ቢወድቅ ማኅሌቱ ምን ሊመስል እንደሚችል አንባቢ ይገምተዋል። በዚያ ቤት የሆነው ይኸው ነበር።

በርካሽ ዕቃዎች ላይ የየማጉያው ሽቦ ጫፉ ተልጦ በቀይና በጥቁር መያዣ ውስጥ ይገባል። ወጣቱ በጥድፊያ ሲያገናኝ የግራውን ማጉያ ቀይ ሽቦ ከጥቁሩ መያዣ፣ ጥቁሩንም ከቀዩ አግብቶታል። እንዲህ ሲሆን ዕቃው አይበላሽም፤ ድምፁም አይጠፋም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በቀላሉ አይጠረጠርም። ነገር ግን የቀኙ ማጉያ ክብ ወረቀት አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ የግራው ወደ ኋላ ይስበዋል። የካህን ወይም የሰባኪ ድምፅ ለሁለቱም ማጉያዎች እኩል የሚላክ በመሆኑ፣ በመካከል ለተቀመጠ ሰው አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። የጌሙ ፍንዳታና ሩጫ ግን በግራና በቀኝ የተለያየ ነው፤ መንቀጥቀጡም የሚመጣው ከሳጥኑ ስለ ሆነ ተጫዋቹ ጉድለቱን አያውቀውም። የጆሮ ሕመም ተብሎ በአሮጊቷ እናት የተላከከው ጥፋት የሁለት ሽቦዎች መለዋወጥ ነበር።

መብራቱን ከሶኬቱ ነቅለን ሽቦዎቹን አዛወርን። (መንቀሉ አይረሳ፤ የተላጠ ሽቦ ከሽቦ ጋር ተነካክቶ ማጉያውን የሚያቃጥለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።) ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለቱን የፊት ማጉያዎች ጎን ለጎን አስጠግቶ የሰው ንግግር ማሰማት፤ ቀጥሎ የአንዱን ብቻ ሽቦ አለዋውጦ እንደገና ማሰማት። ድምፁ ሞላ ብሎ ከመካከል የተሰማበት አገናኝ ትክክለኛው ነው።

ሁለተኛ ጥፋትም አልታጣም። የርቀት መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ድምፁን «የሚያከብበው» ቁልፍ በርቶ ነበር። ይህ ቁልፍ የሚሠራው አንዱኑ ድምፅ ጥቂት አዘግይቶ ከኋላ በመድገም ስለ ሆነ፣ ለፊልም ሊጣፍጥ ይችል ይሆናል፤ ቅዳሴን ግን የገደል ማሚቶ ያደርገዋል። አጠፋነው። ከኋላው ያሉት ስድስት ቀዳዳዎች ለዲቪዲ ማጫወቻ የተሠሩ ናቸው። ቀይና ነጩን ገመድ ከእነርሱ በሁለቱ ላይ ሰክቶ ዕቃውን በ5.1 የሚያስኬድ ሰው የመካከሉን ማጉያ ዲዳ ያደርገዋል፤ ለሁለት ገመድ የተለየው ቀዳዳ ሌላ ነው።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ አንድ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀን፤ «ታዲያ ጌሙስ በስድስቱም የማይከፈለው ለምንድን ነው?» በቀይና ነጭ ገመድ የሚያልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። ስድስቱን ለይቶ ለማግኘት ቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድ ወይም ኤአርሲ ተብሎ በተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ድምፁን በዶልቢ ዲጂታል ማውጣት፣ ተቀባዩም ዶልቢውን መፍታት ይኖርበታል። የእርሱ ሳጥን ሁለቱም የለውም። መለወጫ ቢገዛ እንኳ ዶልቢን ፈትቶ ለስድስት የሚከፍለውን መሆን አለበት፤ በገበያ የሚበዛው ትንሹ መለወጫ የሚሰጠው ሁለት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ፒሲኤም ወደሚባለው ካልተመለሰ ጭራሹን ዝም ይላል፤ ብዙ ሰው የተበላሸ ዕቃ ገዛሁ ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በራሱ ላይ የኦፕቲካል ቀዳዳ ስለሌለው ድምፁ በቴሌቪዥኑ በኩል መዞሩ ግድ ነው፤ በቅንብሩም ውስጥ ዶልቢ መመረጥ ይኖርበታል። ኒንቴንዶ ስዊች ደግሞ ዶልቢ ስለማይሰጥ በኦፕቲካል ገመድ ከሁለት በላይ አይገኝበትም። ለጊዜው ገንዘቡን እንዲያቆይ መከርነው፤ ቅዳሴው በሁለት ድምፅ በሚገባ ይሰማል።

እናታችን ሳጥኑ ጨርሶ እንዲወጣላቸው ፈልገው ነበር። እኛ ግን አልተስማማንም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ማኅሌቱ የሚቆመው በመቋሚያ ብቻ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ያ ወፍራም ድምፅ ከደረት የሚገባው ሁለት ወር ገደማ ሳይሰማ ስለ ቆየ ነው። በቴሌቪዥኑ ማጉያ ብቻ የሚሰማ ከበሮ ጣሳ ይመስላል። ስለዚህ ሳጥኑን ከግድግዳው ማዕዘን አውጥተን ወደ ክፍሉ አስጠጋነው፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያሳብጠዋልና። ድምፁንም ከግማሽ በታች አወረድነው። ከሥራቸው ባለው ፎቅ አራስ ልጅ እንዳለ ሰምተናል፤ የኮንዶሚኒየም ወለልም ይህን ድምፅ አይከለክልም።

ወጣቱ ሊነገረው የሚገባ ሌላም ነገር ነበር፤ በስቅለት ዕለት ጌሙ እንዳልተዘጋ እናታችን በጎን ሹክ ብለውናልና። ለዚያ ቀን ግን አላነሣነውም። ተንበርክኮ ሽቦ ሲልጥ ለአያቱ መሆኑን አውቆ ነበር።

በቤት ሆኖ መከታተል በቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ማስቀደስን አይተካም፤ ሥጋ ወደሙ በመስኮት አይተላለፍም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት አብዛኛው ምእመን የትንሣኤን ሌሊት በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ ለጤነኛው የአንድ ዓመት ፈተና የነበረው ለእነዚህ እናት ዛሬ የዘወትር ኑሮ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቃሉ ተለይቶ መሰማቱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በቤታችሁ ከወንበር የማይነሡ አረጋውያን ካሉ፣ ዶሮው ከመሠራቱ በፊት አንድ ጊዜ በእነርሱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አድምጡ።

እኛ ያን ሌሊት በአገልግሎት ላይ ስለ ነበርን ውጤቱን አላየንም። በማግሥቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ እንኳን አደረሰዎ ልንል ወደዚያው ቤት ወጣን። ወጣቱ በር ከፈተልን፤ እናታችን ድፎ ዳቦውን እንዲያቀርብ እያዘዙ ነበር። ድምፁ እንዴት ነበር ብለን ጠየቅናቸው።

«ተወኝ ልጄ» አሉን እየሳቁ፤ «ከበሮው ሲመታ አጨበጨብሁ። ደግሞ ከካህናቱ አንደኛው ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ሲያስሉ ሰምቻለሁና ማር በሎሚ ይጠጡ ብለህ ንገርልኝ።»