በጀት የተነፈገው ጨዋታ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የክበብ ቤዝቦል ብሔራዊ ሻምፒዮና



የዛሬው ርዕስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ቤዝቦል በአገራችን የሚዘወተር ጨዋታ አይደለም። ከገና ጨዋታችን ጋር የሚያመሳስለውም ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። ርዕሱን የመረጥሁት ጨዋታውን ለማስተማር ሳይሆን፣ ለስፖርት አስተዳደር ጥናት አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው፤ ይኸውም ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ሲያነሣ የተማሪዎች ስፖርት ምን ይሆናል? የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት የቤዝቦል ቡድን ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ይፋዊው ቡድን ነው። ደመወዝተኛ አሠልጣኝ፣ የራሱ ሜዳና በጀት አለው፤ ለተጫዋቾቹም ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሁለተኛው ተማሪዎች የሚያቋቁሙት ክበብ ነው። ይፋዊዎቹ ቡድኖች ከ1950 ጀምሮ በነብራስካ ግዛት በምትገኘው በኦማሃ ከተማ በየዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ያደርጋሉ። ክበቦቹ ደግሞ በ2000 በተመሠረተው ብሔራዊ የክበብ ቤዝቦል ማኅበር ሥር ተሰባስበው የራሳቸውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሂዳሉ። የይፋዊዎቹ ውድድር ከኦማሃ ሳይነቃነቅ ሰባ ዓመት አልፎታል። የክበቦቹ ግን ፎርት ማየርስንና ሆሊ ስፕሪንግስን በመሳሰሉ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል።

ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ። በ1950 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦማሃ ላይ ከተሰለፉት ስምንት ቡድኖች መካከል ዊስኮንሲንና ዛሬ ኮሎራዶ ስቴት የሚባለው ኮሎራዶ ኤ ኤንድ ኤም ይገኙ ነበር። ዊስኮንሲን በ1991፣ ኮሎራዶ ስቴት በ1992 ይፋዊ የቤዝቦል ቡድናቸውን ዘጉ። በሁለቱም ዘንድ ቤዝቦል ዛሬ የሚኖረው በክበብ ነው። ኮሎራዶ ስቴትማ ከ2004 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የክበቦቹን ብሔራዊ ዋንጫ ደጋግሞ ወስዷል።

ቡድኖቹ ለምን ተዘጉ? የተለመደው መልስ በ1972 የወጣውን፣ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ ተጠያቂ ያደርጋል። ሕጉ የሴቶችን ስፖርት ለማስፋፋት ሲባል የወንዶቹን አስዘጋ ይባላል። ይህ አባባል፣ በእኔ አመለካከት፣ ከግማሽ እውነት አያልፍም። ዊስኮንሲን ከቤዝቦል ጋር የወንዶችንና የሴቶችን የጂምናስቲክና የሻሞላ ግጥሚያ ቡድኖችም አብሮ ዘግቷል። የበጀት ጉድለት ወንድና ሴት አይለይምና። የኮሎራዶ ስቴት ጉዳይ የበለጠ አስተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው የወንዶቹን ቤዝቦልና የሴቶቹን ሶፍትቦል በአንድነት ሲዘጋ፣ የሶፍትቦል ተጫዋቾቹ በዚያው በ1972ቱ ሕግ መሠረት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ቡድናቸው እንዲመለስ አዘዘ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1993 ውሳኔውን አጸና። የሴቶቹ ጨዋታ በሕግ ወደ ዩኒቨርሲቲው በጀት ሲመለስ፣ የወንዶቹ ጨዋታ በተማሪዎች መዋጮ ወደሚተዳደር ክበብ ሄደ።

መዋጮ ስል ነገሩን ማሳነሴ አይደለም። የክበቡን ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሜዳ የሚያስፈቅደው፣ ዳኛ ቀጥሮ የሚከፍለው፣ መጓጓዣና ማደሪያ የሚያፈላልገው፣ ብዙ ጊዜም መኪናውን የሚነዳው ተማሪው ነው። ይፋዊ ቡድን ባለበት ግቢ ክበቡ ሜዳ የሚያገኘው ባለቤቶቹ ሲለቁለት ነው፤ ሳይለቁለት ሲቀሩ የከተማውን ወይም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት የላቦራቶሪ ትምህርት ያለበት ተጫዋች ዘግይቶ ይደርሳል፤ መምህሩ የሚቀበለው የስፖርት ክፍል ደብዳቤም የለም።

አሁን ወደ ውድድሩ አሠራር ልለፍ፤ ብልሃቱ ያለው እዚህ ነውና። ለፍጻሜ የሚደርሱት ስምንት ቡድኖች ናቸው። እኛ የምናውቀው ጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ አንድ ሽንፈት ያሰናብት ነበር። እዚህ ግን ቡድን የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። ከዚህ ደንብ የጨዋታዎቹን ብዛት በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በቤዝቦል አቻ መውጣት የለም፤ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሽንፈት ያስገኛል። ሰባት ቡድኖች ሁለት ሁለት ጊዜ መሸነፍ ስላለባቸው 14 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ሻምፒዮናውም አንድ ጊዜ ከተሸነፈ 15 ይሆናል። በተለመደው የስምንት ቡድን ድልድል ያልተሸነፈ ቡድን በአራት ጨዋታ ዋንጫውን ያነሣል። በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ግን ዋንጫውን ለመውሰድ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ መጫወት ይኖርበታል።

የአራትና የሰባት ልዩነት የሚከብደው በወርዋሪው ትከሻ ላይ ነው። ወርዋሪ ማለት ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው ተጫዋች ሲሆን፣ በአንድ ጨዋታ መቶ ያህል ጊዜ ሊወረውር ይችላል። ይህን ያህል የወረወረ ክንድ ለቀናት ማረፍ ይገባዋል። ሁሉም ጨዋታዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚከናወኑ፣ አንድ ድንቅ ወርዋሪ ያለው ቡድን አንድ ቀን አሸንፎ በማግስቱ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሻምፒዮናው የሚፈትነው ምርጡን ተጫዋች ሳይሆን የቡድኑን ጥልቀት ነው። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ጨዋታ ምርጡን ወርዋሪውን ያሰልፍ ወይስ ያቆየው? ብዙ ክበቦች ይህን የሚወስን ደመወዝተኛ አሠልጣኝ የላቸውም። ውሳኔው የሃያ ዓመት ወጣት እጅ ላይ ይወድቃል፤ ክንዱ የሚደክመውም የክፍል ጓደኛው ነው።

ክበብን የይፋዊው ቡድን ጥላ አድርጎ መመልከት የታሪክን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው የቤዝቦል ግጥሚያ ሐምሌ 1 ቀን 1859 ፒትስፊልድ ላይ በአምኸርስትና በዊሊያምስ ተማሪዎች መካከል ሲካሄድ ያዘጋጁት ተማሪዎቹ ነበሩ። አምኸርስት 73 ለ 32 አሸነፈ። (በማግስቱ ቼዝ ገጥመው በዚያም ድል የአምኸርስት ሆነ።) አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ ትኬት ሸጦ፣ ስፖርትን የተቋም ንብረት የማድረጉ ልማድ ኋላ የመጣ ነው፤ ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ራሱ የተመሠረተው በ1906 ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ አዲስ ክብደት አግኝቷል። በከፍተኛው ምድብ አንድ ይፋዊ የቤዝቦል ቡድን ለረጅም ዘመን መስጠት የሚችለው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ለብዙ ተጫዋቾች ከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። በ2025 ተግባራዊ በሆነው የፍርድ ቤት ስምምነት ይህ ገደብ ተነሥቶ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተጫዋቾች ቁጥር በ34 ተወሰነ። ስኮላርሺፕ የሚያገኘው ተጫዋች ዕድሉ ሲሰፋ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ከዳር ሆኖ ተራውን ይጠብቅ ለነበረው በሩ ጠበበ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ክበብ እንደሚያመሩ እገምታለሁ።

ይሁን እንጂ ክበብ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይቻልም። ስኮላርሺፕ የለም፤ መዋጮ አለ። ወደ ሻምፒዮናው ያለፈ ክበብ ደግሞ ለጉዞ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሰባሰብ ሊኖርበት ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ የቤት ኪራይ የሚከፍል ተማሪ፣ ክንዱ የቱንም ያህል ቢያስተማምን፣ ከወረቀቱ ሠንጠረዥ ላይ ስሙ የማይታይበት ምክንያት ይኸው ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከውጤት መዝገቡ ይልቅ የገንዘብ ያዡን መዝገብ ብትመረምሩ ይሻላል እላለሁ። ስለ ሜዳና ስለ ዳኞች ክፍያ ያሳጠርሁትን በጥያቄዎቻችሁ ላይ እመለስበታለሁ።