ደሞዝተኛዋ ማን ናት?

ጠጋ በሉ። ይሄን ጮክ ብዬ ባወራው የሚቀየሙኝ ሠዓሊዎች ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ወዳጆቼ ናቸው።

የኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽት ታውቃላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ በትንሽ ብርጭቆ ወይን፣ የኤምባሲ ሰዎች፣ ጥግ ላይ ጸጉሩን ያጎፈረ ሠዓሊ። ከአንዳንዱ ሥዕል ጎን ቀይ ነጥብ ተለጥፏል፤ ተሸጧል ማለት ነው። ተሸጧል? እስቲ ልሳቅ። አንዷ ነጥብ በሩ ሳይከፈት የተለጠፈች ናት፤ ሌላው ገዢ ልብ እንዲያገኝ። አንዷ ደግሞ የጓደኛ ናት፤ «ቆይ እከፍልሃለሁ» ያለ ጓደኛ፣ እስከ ዛሬ ያልከፈለ። የእውነት የተሸጠው ላይም ጋለሪው ድርሻውን ይቆርጣል፤ እስከ ግማሽ የሚደርስ አለ።

ታዲያ በምን ይኖራሉ? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

በፊልም ላይ ድሃ ሠዓሊ የሚያፈቅረው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ያለን እንጦጦ ነው። በ1950 ዓ.ም አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሚወጡት ልጆች ስንቶቹ ወደ ዳገቱ ተጠግተዋል! ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና፣ ኮተቤ። ለምን ብትሏቸው «ብርሃኑ» ይሏችኋል። አትመኗቸው። ኪራዩ ነው።

እዚያው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የፈረንሳይ ኤምባሲ አጠገብ ባለው መናፈሻ ውስጥ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣት ሠዓሊዎች ተሰባስበው ነፃ አርት ቪሌጅን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሠዓሊና ገጣሚ ምሕረት ከበደ ናት፤ ጦቢያ ግጥም በጃዝንም ከመሠረቱት መሃል ነበረች። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ዛፍ ሥር የቆመ ቅርጽና ሥዕል ነው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን አንድ ትሪ ሽሮ ላይ ስንት እጅ እንደሚወርድ፣ የማን ብሩሽ በማን እጅ እንዳለ ማን ያውቃል? ዛሬ ያ መንደር የለም። እንደዚያ ያለ ቦታ ሲጠፋ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ሥራህን አይቶ «ይሄ አልበሰለም» የሚልህ ሰውም አብሮ ይበተናል።

ያን ሰፈር ካነሳን ቆንጂት ሥዩም በ1996 እ.ኤ.አ. የከፈቱትን አስኒ ጋለሪን አንዝለለው። ምሳው፣ ሥጋ የማይነካው፣ ዝነኛ ነበር። ሰው ሥዕል ለማየት መጥቶ ለምሳ ይቆይ፣ ወይስ ለምሳ መጥቶ ሥዕል ይይ፣ እሱን ለእናንተው ትቻለሁ።

የሠዓሊዎቹ ፍቅርስ? ይሄኛው ይጥማችኋል። ጥሩ አክሪሊክ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ሲገኝም ዋጋው አያስጠጋም። ስለዚህ በሠዓሊዎች ሰፈር ተፈላጊው ወንድ መልከ መልካሙ አይደለም፤ አክስቱ ለገና ከዋሽንግተን ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ቀለም የምትወሽቅለት ነው። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቀው ነጩ ነው። አንድ ልጅ የመጨረሻውን ነጭ ቱቦ ሳትጠይቀው ከሰጣት፣ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው የቀረው።

ቀጠሮው ደግሞ እንጦጦ። ድሮ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጥቶ ባሕር ዛፍ ሥር መቀመጥ ነበር። በ2013 ዓ.ም መስከረም ላይ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ መንገዱ አማረ፣ ካፌው በዛ። የቡናው ዋጋ ግን የሠዓሊ አይደለም። ቆሎ ይዞ መውጣት አልቀረም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። በምን ይኖራሉ?

በሚስት ደሞዝ።

ነርስ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ባንክ ትሠራለች። ካታሎጉ ላይ ስሟን አታገኙም። መክፈቻው ላይ ግን በቀላሉ ትለዩዋታላችሁ፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የመሥሪያ ቤት ልብሷን አልቀየረችም፣ ልጁን ጎረቤት ትታ ስለመጣች ሥዕሉን ሳይሆን ሰዓቱን ታያለች። እሱ በማይክራፎን «ለጥበብ ስል ሁሉን ትቻለሁ» ሲል ፈገግ ትላለች። ከተዋቸው ነገሮች አንዱ የመብራት ሂሳብ መሆኑን የምታውቀው እሷ ናታ!

ሠዓሊዋ ሚስትየዋ ስትሆንስ? እዚህ ላይ ሳቄን አቆማለሁ። ደስታ ሐጎስ ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ለብቻቸው ኤግዚቢሽን አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴቶች ተመርቀዋል። «አንቺ ሳይ፣ ኪራዩ በእኔ» የሚል ባል ግን እኔ የማውቃቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሠርጉ ማግስት ብሩሹ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፤ ስንት ጎበዝ እጅ እንደዚያ ቀርቷል!

እንግዲህ አውቃችኋል። ሥዕል ከወደዳችሁ ነጥብ አስለጥፋችሁ አትጥፉ፤ አከራይ ቀኑን አይረሳም። ስቱዲዮው ድረስ ሂዱ፣ ሳትከራከሩ ክፈሉ። ገንዘቡንም ከቻላችሁ ለሚስትየዋ ስጧት።