ደራሲው ራሱ አሳታሚ ሲሆን

ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ዓመት ጓደኛችን ዶሴ በብብቱ ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣ። በዶሴው ውስጥ የነበረው ሦስት ዓመት የደከመበት ልብ ወለድ ነው። ምክር የፈለገው ግን ስለ ታሪኩ አልነበረም። እኅቱ ልታበድረው የተስማማችውን ገንዘብ ወስዶ ለማተሚያ ቤት ይክፈል ወይስ አሳታሚ እስኪያገኝ ይጠብቅ፣ የጠየቀን ይህን ነበር። «አሳታሚ የሰው ላብ የሚበላ ነው፤ አሜሪካዊው ሳንደርሰን ራሱ አሳትሞ 41 ሚሊዮን ዶላር አግኝቶ የለም ወይ?» ሲልም አከለ። በዚያ ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። ጉዳዩን ስንመረምር ቆይተን ያገኘነውን አሁን ለሁላችሁም እናቀርባለን፤ እንዲህ ያለ ዶሴ አልጋው ሥር ያስቀመጠ ተማሪ እሱ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለንና። (ዓ.ም. ብለን ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። በአገራችን ማተሚያ ቤትና አሳታሚ እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ እንሰማለን። ማተሚያ ቤት እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቁንና የእጅ ዋጋውን ታመጣለህ፣ ሰፍቶ ያስረክብሃል፤ ልብሱን ብትለብሰው ወይም ሣጥን ውስጥ ብል ቢበላው እሱን አይመለከተውም። አሳታሚ ግን የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ድርሰቱን ያሳርማል፣ ያሳትማል፣ ያሰራጫል፤ መጽሐፉ ሳይሸጥ ቢቀር የሚከስረውም እርሱ ነው። ለደራሲው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ ድርሻ ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜም ከዚሁ ድርሻ የሚታሰብ ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ መጽሐፉ ባይሸጥ ደራሲው ያንን ገንዘብ መልስ አይባልም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተለመደው ድርሻ ጠንካራ ሽፋን ላለው መጽሐፍ ከዋጋው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ነው፤ ስስ ሽፋን ላለው ደግሞ ከመቶ 7 ወይም 8 ቢሆን ነው። ጓደኛችንን ያስቆጣው ይህ ቁጥር ነው። «የቀረው 90 የት ገባ?» ይላል።

የት እንደሚገባ በገዛ ገንዘቡ የተማረ አንድ ታላቅ ደራሲ አለ፤ እርሱም ቻርልስ ዲክንስ ነው። በ1843 ዲክንስ በእንግሊዝ አገር ስሙ የገነነ ደራሲ ነበር። ሆኖም በየወሩ በክፍል በክፍል የሚወጣው «ማርቲን ቸዝልዊት» ገበያው ስለ ቀዘቀዘ፣ አሳታሚዎቹ ቻፕማንና ሆል ከወር ክፍያው 50 ፓውንድ ሊቀንሱ እንደሚችሉ አሳሰቡት። ዲክንስም ተቀይሞ ቀጥሎ የጻፈውን «የገና መዝሙር» የተባለ ታሪክ በራሱ ወጪ ሊያሳትም ቆረጠ። አሳታሚዎቹ እንደ ወኪል ሆነው ኮሚሲዮናቸውን ብቻ ሊወስዱ፣ ትርፉ ግን በሙሉ የእርሱ ሊሆን ተዋዋሉ። መጽሐፉ እንዲያምርለት ስለ ፈለገ የጨርቅ ሽፋን፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ጠርዝና በእጅ ቀለም የተቀቡ 4 ሥዕሎች አስገባበት፤ ብዙ ሰው እንዲገዛውም ብሎ ዋጋውን 5 ሽልንግ ብቻ አደረገው። መጽሐፉ ዲሴምበር 19 ቀን ወጣ፤ ለገና ዋዜማ 6 ሺ ቅጂ ተሸጦ አልቆ ነበር።

ከዚህ የበለጠ ሽያጭ ማን ይመኛል? ዲክንስ ከዚህ ሽያጭ 1 ሺ ፓውንድ ሲጠብቅ፣ ሒሳቡ ሲመጣለት 230 ፓውንድ ሆነ። እርሳስ አንሥተን ስናሰላው 6 ሺ ቅጂ በ5 ሽልንግ 1 ሺ 500 ፓውንድ ነው፤ 230 ማለት ከዚህ ከመቶ 15 ግድም ይሆናል። «ትርፉ ሁሉ የኔ ነው» ያለው ደራሲ የደረሰው፣ ደኅና አሳታሚ ዛሬ ለደራሲ የሚከፍለውን ያህል ሆነ ማለት ነው፤ ያውም የኪሣራውን ሥጋት ራሱ ተሸክሞ። የቀረው ለወረቀት፣ ለጠራዡ፣ ለቀለም ቀቢዎቹ፣ ለማስታወቂያና ለመጽሐፍ ሻጮች ሄደ። በዚህም አላበቃም። በጃንዋሪ 1844 አንድ ርካሽ መጽሔት ታሪኩን ቀድቶ አወጣበት። ዲክንስ ከሶ ረታ፤ ተረቺዎቹ ግን ከስረናል ብለው እጃቸውን አጣጠፉና የ700 ፓውንድ የክርክር ወጪ በረቺው ላይ ወደቀ።

ማርክ ትዌይን ደግሞ ነገሩን ከዚህም አራቀው። በአሳታሚዎቹ እየተበደልኩ ነው ብሎ ስላመነ በ1884 የራሱን ማሳተሚያ ድርጅት አቋቁሞ በእኅቱ ልጅ ባል በቻርልስ ዌብስተር ስም ሰየመው። በ1885 መጀመሪያ «ሐክልበሪ ፊን» በዚሁ ድርጅት በኩል በአሜሪካ ወጣ። የሽያጩን አሠራር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ወኪሎች የመጽሐፉን ናሙና ይዘው በየቤቱና በየገጠሩ እየዞሩ ገዢውን በስሙ ያስፈርሙ ነበር፤ ስለዚህም ብዙው ቅጂ ገና ሳይታተም ገዢው ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ድርጅቱን ያስከበረው ግን የትዌይን የራሱ ድርሰት ሳይሆን የጄኔራል ግራንት ሕይወት ታሪክ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት በ1884 በሽርካው ማጭበርበር ያለውን ሁሉ አጥቶ፣ በጉሮሮ ካንሰርም ተይዞ፣ ቤተ ሰቡን ያለ ጥሪት ትቶ እንዳይሞት ይጽፍ ነበር። አንድ የታወቀ መጽሔት አሳታሚ ከመቶ 10 ሊሰጠው አስቦ ነበር፤ ትዌይን ግን ከተጣራው ትርፍ ከመቶ 70 እሰጣለሁ አለው። ግራንት ጽሑፉን ጨርሶ ብዙ ቀን ሳይቆይ ጁላይ 23 ቀን 1885 ሞተ። ከወኪሎቹ ብዙዎቹ በእርሱ ሥር የተዋጉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ባለ 2 ቅጹ መጽሐፍ ከ300 ሺ በላይ ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 1886 ለሚስቱ 200 ሺ ዶላር የሚል ቼክ ተሰጣት፤ በጠቅላላው የደረሳት ከ400 ሺ በላይ ነው። አሳታሚ ሁሉ ላብ በላ ነው ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህንን እናስታውሳቸዋለን፤ ባለ 70 እጁም አሳታሚ ነበርና።

የቀረው ታሪክ ግን ያሳዝናል። ድርጅቱ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም፣ ካቶሊክ የሆነ ሁሉ ይገዛዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ አልገዛውም። ብዙ ቅጽ ያለውን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ሸጠ፤ ወኪሉና ጠራዡ ገንዘባቸውን ዛሬ ይጠይቃሉ፣ ገዢው ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ብዙ በተሸጠ ቁጥር ካዝናው ይበልጥ ተራቆተ። ትዌይን በዚያው ጊዜ ፊደል የሚለቅም አንድ አዲስ መኪና ለማሠራት 300 ሺ ዶላር ያህል አፍስሶ ነበር፤ መኪናውም ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። የ1893 የገንዘብ ቀውስ ተጨመረበትና በኤፕሪል 1894 ድርጅቱ ከሰረ። የ59 ዓመቱ ደራሲ ዕዳውን ለመክፈል በ1895 ንግግር እያደረገ ዓለምን ሊዞር ተነሣ፤ አውስትራሊያን፣ ህንድንና ደቡብ አፍሪካን አዳርሶ በ1898 ዕዳውን በሙሉ ከፈለ። ደራሲ ብቻ በነበረ ጊዜ የሌላ ሰው መጽሐፍ ባይሸጥ አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም ነበር።

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ወረቀት የሌለው መጽሐፍ አለ» የሚሉን ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው። ከ2010 ወዲህ አማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፉን በራሱ ለሚያወጣ ደራሲ፣ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ፣ ከመቶ 70 ይሰጣል፤ ከዚህ ወለል በታች ወይም ከጣሪያው በላይ ከሆነ 35። ነገር ግን ከመቶ ስንት ከማለታችን በፊት የስንቱ ከመቶ ብለን እንጠይቅ። የ2.99 ዶላር መጽሐፍ ከመቶ 70 ሲታሰብ 2 ዶላር ገደማ ነው፤ የ25 ዶላር ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ከመቶ 10 ደግሞ 2 ዶላር ከ50። በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ብዙ መሸጥ አለበት። አማንዳ ሆኪንግ የተባለች የሚኒሶታ ወጣት አሳታሚዎች ደጋግመው የመለሱባትን ልብ ወለዶች በ2010 በዚህ መንገድ አውጥታ በ1 ዓመት ገደማ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ሸጠች። ከዚያስ? በማርች 2011 ከሴንት ማርቲንስ አሳታሚ ጋር ለ4 መጽሐፎች በ2 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለች። ምክንያቷን ስትናገር፣ ሽፋን ስታዘጋጅ፣ አራሚ ስትፈልግና ለደብዳቤ መልስ ስትሰጥ የመጻፊያ ጊዜዋ እንዳለቀባት ገለጠች። ሒዩ ሐዊ ደግሞ በ2012 «ዉል» የተባለ ልብ ወለዱን ሲሸጥ የወረቀቱን መብት ብቻ ለሳይመን ኤንድ ሹስተር ሰጥቶ የኤሌክትሮኒኩን ለራሱ አስቀረ። ለዚህ ሲል ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ የሚሰጡትን መልሷል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ ብልሁ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሳንደርሰን እንምጣ። ብራንደን ሳንደርሰን በማርች 2022 አራት አዳዲስ ልብ ወለዶች እንዳሉት ገልጦ ኪክስታርተር በተባለው መንገድ ገዢዎችን አስቀድመው እንዲከፍሉ ጠየቀ፤ 185 ሺ 341 ሰዎች ከ41 ሚሊዮን 700 ሺ ዶላር በላይ ከፈሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ጓደኛችን ያልነገረን ግን ብዙ ነው። ሳንደርሰን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ2005 ያወጣው በቶር አሳታሚ በኩል ነው፤ እነዚያ ከፋዮችም በአሳታሚ ወጪ በ17 ዓመት የተሰበሰቡ አንባቢዎች ናቸው። የራሱ ኩባንያ፣ መጋዘን፣ ተከፋይ ሠራተኞች ነበሩት። ገንዘቡም ትርፍ አይደለም፤ ኅትመቱ፣ ማሸጊያውና የፖስታው ወጪ ከዚያ ውስጥ ይወጣል። ለመጽሐፍ መደብሮች የሚሆነውን ዕትም ደግሞ እንደገና ለቶር ሰጠ። የትዌይን ወኪሎች በየበሩ ያስፈርሙት የነበረውን የስም መዝገብ እርሱ በአንድ ወር ሞላው እንጂ ዘዴው ያው ነው።

በአገራችን ነገሩ የተገለበጠ ነው። በውጭ አገር በራሱ የሚያሳትም ደራሲ ከደንቡ የወጣ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ደንቡ እርሱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኅትመት ውል አንቀጾችን ቢደነግግም፣ የሚዋዋል አሳታሚ የሚያገኘው ደራሲ ጥቂት ነው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት የሆነው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ብዙ ደራስያንን ከማተሚያ ቤት ዕዳ አሳርፎ ነበር። የሚያሳትም እጅ መሰብሰብም ይችላል፤ ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ዛሬ ደራሲው የወረቀቱን ዋጋ ከነጭማሪው ችሎ ያሳትማል፤ ለአከፋፋይ ይሰጣል፤ ከአከፋፋዩ ወደ መደብሩና ወደ አዟሪው ይሄዳል፤ ገንዘቡም በዚያው መንገድ ተመልሶ፣ በየእጁ እየተቆነጠረ፣ ዘግይቶ ይመጣል። መጽሐፉ ከተወደደ ደግሞ ገጹ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም በነጻ ይታደላል፤ ዲክንስን ያገኘው ይኸው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ገዢው ማን እንደሆነ ደራሲው አለማወቁ ነው። 1 ሺ ሰው ቢያነበው እንኳ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የሚነግርበት አድራሻ የለውም፤ እንደ ጀማሪ እንደገና ከዜሮ ይነሣል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ዘርዝረን ስንነግረው ለጊዜው አኩርፎ ሄደ። በሳምንቱ ተመለሰና የመጀመሪያውን ምዕራፍ በማባዣችን እንድናባዛለት ለመነን፤ ወረቀቱን ራሱ ገዝቶ አመጣ፣ እኛም አባዛንለት። አሁን ምዕራፉን በየመኝታ ቤቱ እያደለ፣ ሙሉውን መጽሐፍ እገዛለሁ የሚለውን ሰው ስምና ስልክ በደብተር ይመዘግባል። ግማሹን ዋጋ ቀድሞ የሚከፍል ካለ በቀይ ያሰምርበታል። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ 83 ስም አግኝቷል፤ ቀይ የተሰመረባቸው 19 ናቸው። 300 ሲሞሉለት ወደ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ ይላል። የእኅቱን ገንዘብ እስካሁን አልተቀበለም።